የሜሪላንድ ሚድል ስኩል፦ ውጤቱ ስንት ነው፣ የሚማርበትስ ማነው?

ሜሪላንድ ውስጥ ሚድል ስኩል አብዛኛውን ጊዜ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነው። ልጁ በ11 ዓመቱ ገደማ ይገባል፣ በ14 ዓመቱ ይወጣል። ሦስት ዓመት ብቻ ናት። ግን ኤሌመንተሪ እያለ ቀኑን ሙሉ ከአንድ አስተማሪ ጋር ይውል የነበረው ልጅ እዚህ በየደወሉ ክፍል ይቀይራል፣ ስድስት ሰባት አስተማሪ ይለምዳል፣ የሒሳብ መንገዱም የሚለይለት እዚሁ ስለሆነ ወላጅ ዓይኑን የማይነቅልበት ጊዜ ነው። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው በሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። የካውንቲው የትምህርት አስተዳደር በስቴቱ ትልቁ ሲሆን ወደ 160 ሺህ ተማሪ አለው፤ ለወላጅ የሚልካቸውን ዋና ዋና መልእክቶችም በአማርኛ ያወጣል።

እያንዳንዱ የመንግሥት ሚድል ስኩል በየዓመቱ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የራሱ ሪፖርት ካርድ አለው። በ2015 የወጣው የፌዴራል ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ተማሪ በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተን ያስገድዳል። ውጤቱም በዘር፣ በቤተሰብ ገቢ፣ በእንግሊዝኛ ችሎታና በአካል ጉዳት ተከፋፍሎ መታየት አለበት። ስለዚህ ካርዱ ሁለት ነገር ይነግርሃል፦ ስንቱ ተማሪ ደረጃውን እንደደረሰ፣ እና ተማሪው ማን እንደሆነ። አብዛኛው ሰው ቤት ሊከራይ ወይም ሊገዛ ሲል የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አይቶ ይወስናል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የስቴቱ ፈተና ኤምካፕ ይባላል። በሦስቱም ክፍል እንግሊዝኛና ሒሳብ አለ፤ 8ኛ ላይ ሳይንስና ሶሻል ስተዲስ ይጨመራል። ነጥቡ ከ650 እስከ 850 ነው። 750 የደረሰ «ብቁ» ይባላል። ደረጃዎቹ አራት ሲሆኑ፣ ብቁ የሚባለው 3ኛና 4ኛው ነው።

አንድ ጊዜ ለአንዲት እናት ላስተረጉም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ውጤቱ የመጣበትን ወረቀት ገለባበጠችውና «ወንድሜ፣ በአጭሩ ንገረኝ፤ አልፋለች ወይስ ወድቃለች?» አለችኝ። ልጅቷ የጃኬቷን ዚፕ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ወረቀቱ ላይ 741 ይላል። እኛ ያደግነው በሚኒስትሪ ነው፤ 8ኛን ካላለፍክ 9ኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ኤምካፕ ግን ሚድል ስኩል ላይ ልጅን ክፍል አያስደግምም። ልጅቷ 9 ነጥብ ቀርቷታል፤ አስተማሪዋም የትኛው ንባብ ላይ እንደምትደናቀፍ ከዚያው ወረቀት ጠቁማ አሳየችን። እናትየው ይህንን ስትሰማ ትከሻዋ ወረደ፣ ወዲያው «ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ላድርግላት?» ብላ ጠየቀች። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነበር።

ሒሳብ ላይ ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በ2023 እና በ2024 በስቴቱ ደረጃ በ8ኛ ክፍል ሒሳብ ብቁ የተባለው ከ10 በመቶ በታች ነው። ያስደነግጣል። ግን ጎበዞቹ ብዙዎቹ 8ኛ ላይ የሃይስኩል ሒሳብ የሆነውን አልጀብራ 1 ስለሚማሩ የሚፈተኑት የአልጀብራውን ፈተና ነው፤ በ8ኛ ክፍል ሒሳብ የሚቆጠሩት የቀሩት ናቸው። ትምህርት ቤት ስታወዳድር ሁለቱን ፈተና አንድ ላይ እይ። ልጅህ በ8ኛ አልጀብራ እንዲወስድ ከፈለግህ ደግሞ ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን የተማሪ አማካሪ) 6ኛ ላይ ጠይቅ፤ መንገዱ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ተማሪዎቹስ? በሞንጎመሪ ትልቁ ቡድን ሂስፓኒክ ነው፣ ከሦስት ተማሪ አንዱ ያህል። ነጭ፣ ጥቁርና እስያዊ ተከትለው ይመጣሉ። ግን የአንዱ ሰፈር ሚድል ስኩል የሌላውን አይመስልም፤ ልጅ በአብዛኛው የሚመደበው በሚኖርበት አድራሻ ስለሆነ የቤት ዋጋው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ የፈተና አማካይ ከቤተሰብ ገቢ ጋር አብሮ ነው የሚወጣውና የሚወርደው። ገቢው የሚለካው በአብዛኛው በነፃና በቅናሽ ምሳ ነው፤ እስከ ድህነት ወለል 130 በመቶ ድረስ የሚያገኝ ቤተሰብ ለነፃ፣ እስከ 185 በመቶ የሚያገኝ ለቅናሽ ይበቃል። ብዙ የኛ ሰው ቅጹን አይሞላም። «ልጄን ማብላት አቃተኝ ልበል?» ይላል። ይገባኛል፣ ግን ትምህርት ቤቱ የሚደርሰው ተጨማሪ ገንዘብ ከዚህ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሳይሞላ የቀረ ቅጽ የጎረቤትህን ልጅም ይጎዳል። በዚህ ምክንያት ብቁ የተባለው 30 በመቶ የሆነበት ትምህርት ቤት 60 በመቶ ከሆነበት የባሰ አስተማሪ አለው ማለት አይደለም። ካርዱ ላይ እድገት የሚለውን ክፍል ፈልግ። ተመሳሳይ ቦታ ላይ የነበሩ ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደተራመዱ የሚያሳየው እሱ ነው።

ካርዱ ላይ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚለው መስመር፣ ማለትም እንግሊዝኛን ገና እየተማሩ ያሉት ልጆች ውጤት፣ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጁ በየዓመቱ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ገደማ ዊዳ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይወስዳል፤ ከ6 ነጥብ 4.5 ሲያመጣ ከኢሶል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች ከሚሰጠው ትምህርት) ይወጣል። ጎበዙ ሲወጣ አዲስ መጪ ይተካዋል። ስለዚህ ያ ቁጥር ኢሶል አይሠራም ማለት አይደለም።

አንዳንድ ቦታ ቁጥር በመጥፋቱ የኮከብ ምልክት ታያለህ። ቡድኑ ከ10 ተማሪ በታች ሲሆን የልጆቹ ማንነት እንዳይታወቅ ይሸፈናል።

መቅረትም ይቆጠራል። ዓመቱ 180 የትምህርት ቀን ነው ካልን፣ 18 ቀን የቀረ ልጅ «በብዛት የሚቀር» ይባላል፤ በፈቃድ ይሁን ያለ ፈቃድ ልዩነት የለውም። ለገና አገር ቤት ገብቶ ጥምቀትን ውሎ የሚመለስ ልጅ በአንድ ጉዞ ብቻ 12 ቀን ገደማ ይጨርሳል። ከዚያ ሁለት ጉንፋን ነው የሚቀረው።

የኛ ልጆች በዚህ ካርድ ላይ የት አሉ? ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ በሚለው ሳጥን ውስጥ። ትናንት ከአዲስ አበባ የገባች ልጅና ቤተሰቧ ከአምስት ትውልድ በላይ ሜሪላንድ የኖረች ልጅ አንድ ቁጥር ናቸው። የሁለቱ ችግር አንድ አይደለም፣ የሚያስፈልጋቸው እርዳታም እንደዚሁ። በምዝገባ ቅጹ ላይ የዘር ሳጥኑን ባዶ ብትተወው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ልጅህን በዓይኑ አይቶ ይሞላልሃል። በማርች 2024 የፌዴራል መንግሥት የዘር መጠይቁን አሻሽሎ በጥቁር ሥር ኢትዮጵያዊ የሚል ሳጥን አካቷል፤ ወደ ትምህርት ቤት ቅጾች የሚደርሰው ግን ቀስ እያለ ነው።

እስከዚያ ልጆቻችን በስማቸው የሚቆጠሩት በምዝገባ ቀን በሚሞላው የቤት ውስጥ ቋንቋ መጠይቅ ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን ኢሶል እንዳይከቱበት ፈርቶ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይጽፋል። አማርኛ ብለህ ብትጽፍ ልጁ መጀመሪያ ይፈተናል፤ እንግሊዝኛው በቂ ከሆነ ኢሶል አይገባም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ስንት አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ እንዳለው ስለሚያውቅ ለኮንፈረንስ (ወላጅና አስተማሪ ለሚገናኙበት) ቀን አስተርጓሚ ሲጠራ ያንን ይዞ ይጠራል፤ የ12 ዓመት ልጅ ለእናቷ የራሷን ውጤት እንድታስተረጉም አትደረግም።