የመጀመሪያው የኮራል አኳሪየም አመራረጥ

የኮራል አኳሪየም በመስታወት ገንዳ በተዘጋጀ የጨው ውኃ ውስጥ ኮራሎችንና የባሕር ዓሦችን አብሮ ማኖሪያ ነው። ከተለመደው የዓሣ ገንዳ የሚለየው በጨዉ ብቻ አይደለም። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሪፍ የተባለውን የባሕር ውስጥ የኮራል ድንጋይ ክምር በሚሠሩት አብዛኞቹ ኮራሎች ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ያዘጋጁላቸዋል፤ አፅም የሚሠሩት ዝርያዎች ደግሞ ካልሲየሙን ከውኃው ይወስዳሉ። ስለዚህ ሙቀቱ፣ ጨዋማነቱና ብርሃኑ ሳይዋዥቁ መቆየት አለባቸው። ጀማሪ ገንዳ ሲመርጥ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ያምራል ብሎ ሳይሆን የትኛው ይረጋጋል ብሎ ነው።

ለብዙ ዘመን የባሕር ዓሣ አርቢዎች ገንዳቸውን የሚያስጌጡት በሞተና በነጣ የኮራል አፅም ነበር። ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ከባሕር የወጣ፣ ባክቴሪያና ጥቃቅን ፍጥረታት የሰፈሩበት ድንጋይ ውኃውን ሊያጣራ እንደሚችል በጽሑፍ አሳወቀ። ኋላም የበርሊን አርቢዎች ይህንኑ ሕያው ድንጋይ በአየር አረፋ ቆሻሻ ከሚያወጣ መሣሪያና ከጠንካራ ብርሃን ጋር አጣመሩት። የዛሬው የቤት አኳሪየም መሠረት ይኸው ነው።

መጠኑን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትንሹ ይቀላል ብሎ በማሰብ ነው። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ውኃ ሲተን ጨዉ በገንዳው ይቀራል። ከ30 ሊትር ገንዳ 2 ሊትር ቢተን፣ በሊትር 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 37.5 ግራም ይወጣል፤ ከ150 ሊትር ገንዳ ያንኑ ያህል ቢጎድል ግን ለውጡ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። የጎደለው የሚተካውም በጨው ውኃ ሳይሆን ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው። በዚህ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሊትር የሚይዝ፣ ማጣሪያውና ፓምፑ ከኋላ ባለ ክፍል የተሸሸጉለት ገንዳ ጥሩ ምርጫ ነው። ከሥሩ ሁለተኛ ገንዳ ያለው አሠራር ለመሣሪያ ሰፊ ቦታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቧንቧ መዘርጋት ይጠይቃል። ክብደቱም አይናቅ፤ 150 ሊትር ገንዳ ከድንጋዩና ከአሸዋው ጋር ከ200 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ስለሚችል ጠንካራና የተስተካከለ ማስቀመጫ ያስፈልገዋል።

ከገንዳው ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ውኃው ላይ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም መዳብ ይይዛል፤ መዳብ ደግሞ በጥቂቱ እንኳ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው። አርቢዎች በረቂቅ ማጣሪያ የጠራ ውኃ ላይ ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይጨምራሉ። የገበታ ጨውም ሆነ የአፋር አሞሌ ይህን አይተካም፤ ኮራል የሚፈልገው የማግኒዥየምና የካልሲየም መጠን አይገኝባቸውም። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይመረጣል። እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለ ሙቀታማ ቦታ ከማሞቂያው ይልቅ ማቀዝቀዣው ሊያስፈልግ ይችላል። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ከዓሦቹ በፊት መገዛት አለበት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ባክቴሪያዎች ከቆሻሻ የሚወጣውን አሞንያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የመለወጥ አቅም እስኪያገኙ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ሁለቱ መርዞች፣ አሞንያና ናይትራይት፣ በመመርመሪያ ዜሮ መሆናቸው ሳይረጋገጥ ዓሣ ማስገባት እንስሳውን ማሠቃየት ነው፤ ሻጭ ቢያግባባም እምቢ ማለት ይገባል።

ለመጀመሪያ ዓሣነት በእርባታ የተገኙ ሁለት ክላውንፊሾች ይበቃሉ፤ በባሕር የሚጠለሉበት አኔሞን የተባለው እንስሳ ባይኖርም በደህና ይኖራሉ። ሰማያዊው ታንግ የተባለው ዓሣ በሱቅ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲያድግ ግን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ የጀማሪ ገንዳ እስር ቤት ይሆንበታል። ማንዳሪን የሚባለው ውብ ዓሣ በአብዛኛው ሕያው ጥቃቅን ፍጥረታትን ብቻ ስለሚበላ በአዲስ ገንዳ ተርቦ ይሞታል። ከኮራል ወገን አፅም የሌላቸው ለስላሳዎቹ ይቅደሙ፤ አክሮፖራን የመሳሰሉት ድንጋያማ ዝርያዎች ገንዳው በደንብ እስኪረጋጋ ይቆዩ። ዞአንቱስ የተባሉትን የኮራል ዘመድ የሆኑ ለስላሳ እንስሳት የሚመርጥ ሰው ጓንት ይልበስ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ። የሰፈሩበትን ድንጋይ በፈላ ውኃ ለማጽዳት የሞከሩ ሰዎች በእንፋሎቱ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል።

ድንጋያማ ኮራሎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት የተመዘገቡ በመሆናቸው ከአገር ወደ አገር የሚሻገሩት በፈቃድ ነው። አርቢዎች ከራሳቸው ገንዳ ቆርጠው የሚያባዙት ቁራጭ ከባሕር ከተነቀለው ይልቅ ለገንዳ ኑሮ የለመደ ስለሆነ፣ በአካባቢው የሚገኝ ከሆነ ጀማሪው እሱን ቢገዛ ይሻላል።