የትዝታ ጌጦች በጎጃም የገና ዛፍ ላይ

የትዝታ ጌጥ የሚባለው አንድን ሰው ወይም አንድን ዓመት ለማስታወስ የገና ዛፍ ላይ የሚሰቀል ነገር ነው። ከሱቅ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ደህናው ግን እቤት የተሠራው ነው።

በጎጃም የገና ዛፍ የከተማ ነገር ነው፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ አካባቢ ይታያል። ወደ ገጠሩ ወጣ ሲባል ገና ማለት ማስቀደስ ነው፤ ከዚያ ዱላና ሩር ይዞ ሜዳ መውረድ። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28።

ዛፉ ከጀርመን አገር የመጣ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተሰብ ዛፍ ከብቦ የሚታይበት ሥዕል ለንደን ውስጥ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ብዙ አገር ወደደው። የመስታወት ኳሶቹም መነሻቸው ላውሻ የምትባል የጀርመን ከተማ ናት። ስለዚህ አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን መምህራን «የእኛ አይደለም» ይላሉ። የቅኔ አገር በሆነው ጎጃም ይህ ተግሣጽ ክብደት አለው። ቄጤማ ጎዝጉዞ ዛፉን የሚተው ቤት ብዙ ነው። ሁለቱንም የሚያደርግም አለ።

የፕላስቲኩ ዛፍ ገበያውን ሳይሞላው በፊት የጽድ ወይም የፈረንጅ ጽድ ቅርንጫፍ አሸዋ በተሞላ ጣሳ ይተከል ነበር። ጌጡ ፊኛ፣ ከረሜላ፣ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ፣ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት ነበር። ላዩ ላይ ጥጥ ይበተናል፤ በረዶ መሆኑ ነው። የጎጃም ደጋ በታኅሣሥ የሚያውቀው ውርጭ ነው እንጂ እንዲህ ያለ በረዶ የት አለና! ባዘቶው የአያት እጅ ያለበት ከሆነ ግን እሰየው፣ ይሰቀል።

ለትዝታ ጌጥ የሚሆን ነገር እዚሁ ሞልቷል። ስንደዶና አክርማ በወስፌ ተሰፍተው አውራ ጣት የምታህል መሶብ ይወጣቸዋል። ከጣና ደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ባሕር ዳር ከሚሸጡ ማስታወሻዎች አንዷ ናት፤ ጫፏ ላይ ክር ማሰር ብቻ ነው። በእንጅባራ በኩል ቀርከሃ አለ፤ በቀጭኑ ተቆርጦ ቀለበት ይሆናል። ካረጀ ነጠላ የተቆረጠ ጥለት፣ የሕፃን የመጀመሪያ ማተብ፣ የፈረሰ ቤት ቁልፍም ይሰቀላል።

ልጆች ላሉበት ቤት የሚመቸው የጨው ሊጥ ነው። ሁለት ስኒ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ደቃቅ ጨው፣ አንድ ስኒ ውሃ። ውሃው በአንዴ አይገለበጥም፤ ሊጡ እጅ ላይ እንዳይጣበቅ እየታየ ይጨመራል። ግማሽ ጣት ያህል ውፍረት እስኪቀረው ይዳመጣል፤ ከዚያ የልጁ መዳፍ ይታተምበታል። የክሩ ቀዳዳ ሳይደርቅ ይበሳ፤ ከደረቀ በኋላ ልብሳ ያለ ሰው ስንጥቅ ነው የሚያተርፈው። ኦቭን ካለ በዝቅተኛ ሙቀት ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል። ከሌለ የታኅሣሥ ፀሐይ ይበቃል፤ ቀናት ቢፈጅም፣ እያገላበጡ። ስምና ዓመተ ምሕረት ከጀርባው ይጻፋል። ይህን መዝለል አይገባም፤ መዳፉ የማን እንደነበር ከአሥር ዓመት በኋላ ወንድምና እህት ይጣሉበታል።

ዋናው ጠላት ክረምት ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፤ በሐምሌ ሊጡ ይላላል። ሁለቱም ገጽ ቫርኒሽ ይቀባ፤ ቫርኒሽ ከጠፋ ቀለም አልባው የጥፍር ቀለም ይሠራል። ደንገልና ስንደዶ ደግሞ ሲደርቁ ይሰበራሉ፤ ከሥራቸው ጥጥ ይደረግላቸው። ዕቃው የሚቀመጠው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ነው። የጫማ ካርቶን አይጥ ይገባዋል፤ አይጥ ደግሞ ሊጡን ከከረሜላው አትለይም።

ሌላው ጣጣ ልጆች ሲያገቡ ይመጣል፤ የጌጡ ቆርቆሮ ለማን ይሁን? ከሊጡ ጌጥ ከመጀመሪያው ሁለት ሁለት መሥራት ይሻላል። ማተቡና ቁልፉ ግን አንድ ስለሆኑ እናት ቤት ይቅሩ።