ጅማትና ነርቭ ለየቅል ናቸው

«ጅማቴን አመመኝ» የሚል ሰው አንዳንዴ ነርቩን ማለቱ ነው። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት የሚያስር ገመድ ነው፤ ከተረከዝ በላይ በጣት የሚጨበጠው ወፍራሙ እሱ ነው። ነርቭ ግን መልእክተኛ ነው፦ 12 ጥንድ ከአንጎል፣ 31 ጥንድ ከህብለ ሰረሰር (በጀርባ አጥንት ውስጥ ከሚወርደው የነርቭ ገመድ) ይወጣሉ። ክርን ተመትቶ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረው፣ እዚያ ከቆዳ ስር የሚያልፈው ነርቭ ስለተነካ ነው።

ቡና ሲቆላ የጋለ ምጣድ የነካ እጅ ሕመሙ ሳይሰማ ይሸሻል። ትእዛዙ የመጣው ከህብለ ሰረሰር ነው፤ አንጎል ወሬውን የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

ድንዛዜና መንዘር በአብዛኛው የነርቭ ነው፤ ሲንቀሳቀሱ የሚጠዘጥዝ ግን የጅማት ወይም የጡንቻ ሊሆን ይችላል። ድንገት ፊት ከተጣመመ ወይም አንድ እጅ ከዛለ ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ነው መሮጥ።