ማስታወቂያ ሁሉ «አድቨርታይዝ» አይደለም

የምሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ሰው ማስታወቂያውን በአማርኛ ጽፎ ይመጣና «በእንግሊዝኛም አድርጊልኝ» ይላል። «አድቨርታይዝ» የሚለው ግስ ላይ ስንደርስ የማርመው ነገር አይጠፋም። ስህተቱ የሚመጣው ከራሱ ከአማርኛው ቃል ይመስለኛል።

«ማስታወቂያ ከሆነ አድቨርታይዝ ነው»

አይደለም። የኛ «ማስታወቂያ» ሰፊ ነው። «አስታወቀ» ከሚለው ስለወጣ የሚነገረውን ሁሉ ይይዛል። የድሮው ማስታወቂያ ሚኒስቴር እንኳ በእንግሊዝኛ «ሚኒስትሪ ኦፍ ኢንፎርሜሽን» ነበር የሚባለው። ቀበሌ በር ላይ የሚለጠፈው «ኖቲስ» ነው። የዕድር ጥሩምባ ነፊ በማለዳ እየዞረ ሞት ሲናገር ደግሞ ግሱ «አናውንስ» ነው። «አድቨርታይዝ» ባብዛኛው ሰው እንዲገዛ፣ እንዲመጣ ወይም እንዲያመለክት ለመሳብ ነው። ለቅሶ ላይ ሲገባ ሟቹን ገበያ የማውጣት ያህል ነው፤ ያማል።

«አስተናጋጅ ስፈልግ አድቨርታይዝ ዌይትረስ እላለሁ»

ይሄኛው በጣም ይደጋገማል። አንድ የሆቴል ባለቤት ከኮምቦልቻ መጡ። ወረቀታቸው ላይ «አስተናጋጅ እንፈልጋለን» ይላል፤ ከሥሩ በእስክሪብቶ «ዊ አድቨርታይዝ ዌይትረስ» ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አስተናጋጅ እናቀርባለን እንደማለት ነው» አልኳቸው።

ደነገጡ። «ኧረ ልጄ! እንዲህ ብዬ ልለጥፈው ነበር?»

«አብሽሩ፣ የጎደለችው አንዲት ቃል ናት።»

ቃሏ «ፎር» ናት። ከግሱ ቀጥሎ በቀጥታ የሚመጣው እርስዎ የሚያቀርቡት ነገር ነው። የሚፈልጉት ከሆነ «ፎር» በመሃል ይገባል። ቤት የሚያከራይ «አድቨርታይዝ ኤ ሃውስ» ይላል። ሹፌር የሚፈልግ «አድቨርታይዝ ፎር ኤ ድራይቨር» ይላል። ግን ክፍት የሥራ ቦታ ራሱ የሚቀርብ ነገር ስለሆነ ቀጣሪው «አድቨርታይዝ ኤ ጆብ» ነው የሚለው፣ ያለ «ፎር»። ለሰውዬው በመጨረሻ «ዌይትረስ ዋንትድ» ብለን አተምነው፤ ለሚለጠፍ ወረቀት እሱ ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «የሚቀርብ ነው የሚፈለግ?» ብዬ ነው።

«የንግድ ቃል ብቻ ነው»

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለታመመ ሰው «ሂ ዳዝንት አድቨርታይዝ ሂዝ ኢልነስ» ሊል ይችላል። ሕመሙን አደባባይ አያወጣም ማለት ነው። እዚህ ውስጥ ሽያጭ የለም።

ሥሩ የላቲኑ «አድቬርቴሬ» ነው፤ ወደ አንድ ነገር መዞር ማለት ነው። በድሮ እንግሊዝኛ ጽሑፎች ቃሉ ማሳወቅና ማስጠንቀቅም ነበር። በ1611 በታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘኍልቍ ምዕራፍ 24 ላይ፣ በለዓም ለባላቅ ወደፊት የሚሆነውን እንደሚያሳውቀው ሲነግረው ግሱ ይኸው «አድቨርታይዝ» ነው። ቃሉ ያኔ ከኛ «ማስታወቅ» ጋር በጣም ይቀራረብ እንደነበር ሳይ ደስ ይለኛል። ደንበኞቼም ቢምታታባቸው አልፈርድም።

«በዜድ ይጻፋል»

በኤስ ነው፣ አሜሪካኖቹም ባብዛኛው በኤስ ይጽፉታል። ስንናገረው መጀመሪያ ያለው «አድ» ጠበቅ ይላል። «አን አድቨርታይዚንግ» ደግሞ አይባልም፤ «አድቨርታይዚንግ» የሥራው ስም ስለሆነ አንድ፣ ሁለት ተብሎ አይቆጠርም። አንዷ ማስታወቂያ «አን አድቨርታይዝመንት» ናት፣ ሲያጥር «አን አድ»።