የሬዲዮ ድራይቨር ምንድን ነው?

አዲስ የእጅ ሬዲዮ የገዛ አማተር ሬዲዮኛ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቺርፕ ይደግፈዋል ወይ?» ብሎ ነው። ቺርፕ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ፣ ነጻና ክፍት ምንጭ የሆነ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የተለያዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸውን ሬዲዮዎች ቻናል በአንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ላይ ለመሙላት ያስችላል። ጠያቂው አንድ የሞዴል ስም ዝርዝሩ ውስጥ ቢገባለት ነገሩ የሚያልቅ ይመስለዋል። የሚጎድለው ግን ስሙ ሳይሆን ድራይቨሩ ነው፤ ማለትም ሶፍትዌሩ ከዚያ ሬዲዮ ጋር እንዴት እንደሚነጋገርና በሬዲዮው ማህደረ ትውስታ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የት ቦታ፣ በምን መልክ እንደተቀመጠ የሚገልጸው የኮድ ክፍል ነው።

ንግግሩን ለመረዳት በሰፊው የሚታወቀውን ባኦፌንግ ዩቪ-5አር እንውሰድ። ሶፍትዌሩ በገመዱ በኩል፣ በሴኮንድ 9600 ቢት ፍጥነት፣ ሰባት የተወሰኑ ባይቶችን (ባይት የስምንት ቢት ጥቅል ነው) ይልካል። ሬዲዮው ባይቶቹን ካወቃቸው 06 በሚል አንድ ባይት «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ከዚያም ማንነቱን ይናገራልና ማህደረ ትውስታው በ64 ባይት እየተቆረሰ ይነበባል። ከሰባቱ አንዱ ከተሳሳተ ሬዲዮው ስህተት እንኳን አይናገርም፤ ዝም ይላል። ለአዲስ ሬዲዮ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ይኸው ዝምታ ነው። (አንዳንድ የኬንውድ ሬዲዮዎች ግን ማህደረ ትውስታቸው በሙሉ መገልበጥ ሳያስፈልገው ቻናሎቻቸውን አንድ በአንድ በትእዛዝ ይሰጣሉ፤ የእነዚያ አሠራር ሌላ ነው።)

ተነቦ የተገኘው ነገር ኢሜጅ ይባላል። ኢሜጁ ርዕስም መለያም የሌለው የባይት ረድፍ ስለሆነ፣ ካርታ ካልተሠራለት ምንም አይነግረንም። በዩቪ-5አር 128 ቻናሎች እያንዳንዳቸው 16 ባይት ይዘው ተደርድረዋል። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች የመቀበያ ፍሪኩዌንሲ፣ ቀጣዮቹ አራት የማሰራጫ ፍሪኩዌንሲ፣ ከዚያም ሁለት ሁለት ባይት ለመቀበያና ለማሰራጫ ቶን (ሬዲዮው የሚፈለገውን ጥሪ ከሌላው እንዲለይ ከንግግሩ ጋር የሚላክ ዝቅተኛ ድምፅ) ናቸው፤ የቀሩት አራት ባይቶች ኃይልን፣ የቻናል ስፋትንና ስካንን የመሳሰሉትን በቢት ደረጃ ይይዛሉ። የቻናሉ ስም ደግሞ እዚያው አጠገቡ ሳይሆን ራቅ ባለ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

አሁን አንድ ቻናል ቀረብ ብለን እንይ። 146.520 ሜጋኸርትዝ በ10 ኸርትዝ ሲከፈል 14652000 ይሆናል። ሬዲዮው ይህን ቁጥር ሁለት ሁለት አሃዝ አድርጎ፣ ከኋላ ወደ ፊት ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ ኢሜጁን በሄክስ (በ16 መሠረት በሆነ የቁጥር አጻጻፍ) የሚመለከት ሰው 00 20 65 14 ያያል። ይህን ያገኘ ሰው ቶኑም በዚሁ ዘዴ የተጻፈ ነው ብሎ ቢገምት ይሳሳታል። የ88.5 ኸርትዝ ቶን በ10 ተባዝቶ 885 ይሆንና እንደ ተራ ሁለትዮሽ ቁጥር ይጻፋል፤ በሄክስ የሚታየው 75 03 ነው። በአንድ ቻናል፣ በአጎራባች ባይቶች ላይ ሁለት የተለያየ የቁጥር አጻጻፍ መኖሩ ነው ይህን ሥራ አድካሚ የሚያደርገው፤ በእኔ እይታ ከፕሮግራም ችሎታ ይልቅ ትዕግሥትን ይፈትናል።

ፋብሪካው ሰነድ ካልሰጠ፣ ካርታው የሚገኘው በንጽጽር ነው። ሬዲዮው ይነበባል፤ በቁልፎቹ አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ የአንድ ቻናል ኃይል ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ይቀየራል፤ እንደገና ይነበብና ሁለቱ ኢሜጆች ይነጻጸራሉ። የተለወጠው ቢት የኃይሉ ቦታ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ስለሚጠፋበት ከመጀመሪያው ይጀምራል። የንግግሩ ሥርዓት ደግሞ የፋብሪካው የራሱ ሶፍትዌር ከሬዲዮው ጋር ሲነጋገር በገመዱ የሚያልፈውን ባይት በመቅዳት ይታወቃል። ትርጉሙ ያልተገኘውን ቢት ድራይቨር ጸሐፊዎች «ያልታወቀ» የሚል ስም ሰጥተው እንዳለ ይተዉታል፤ ትክክለኛ ጥንቃቄም ነው፤ ያልታወቀውን ዜሮ ማድረግ ሬዲዮው የሚፈልገውን ነገር መደምሰስ ሊሆን ይችላልና።

አንድ ሬዲዮ በብዙ ስም ይሸጣል፤ በዚህ ጊዜ ድራይቨሩ በነባሩ ላይ የሚጨመሩ ጥቂት መስመሮች ብቻ ይሆናል። ትልቁ አደጋም ያለው እዚሁ ላይ ነው። መልኩ አንድ የሆነ ሬዲዮ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ያው ሞዴል እንኳን ፍርምዌሩ (በሬዲዮው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) ሲቀየር የማህደረ ትውስታው አቀማመጥ ሊቀየር ይችላል። የሚመስል ሞዴል መርጦ ማንበብ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ መጻፍ ግን ቻናሉን ብቻ ሳይሆን በፋብሪካ የተስተካከለውን የኃይልና የፍሪኩዌንሲ ልኬትም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመጻፉ በፊት የመጀመሪያው ኢሜጅ ሳይነካ ተቀምጦ መቆየት አለበት።

ይኸው ያልተነካ ኢሜጅ ኮድ የማይጽፍ የሬዲዮ ባለቤትም ሊያበረክተው የሚችለው ዋና ነገር ነው። ሬዲዮው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚመዘግበው የስህተት መዝገብ «አልሠራም» ከሚለው ቅሬታ እጅግ ይበልጣል፤ ዝምታው የጀመረው ከየትኛው ባይት በኋላ እንደሆነ ያሳያልና። ቺርፕ የናሙና ኢሜጆችን ከኮዱ ጋር ያስቀምጣል፤ አንድ ሰው ለአዲስ ሬዲዮ ሲል ኮዱን በቀየረ ቁጥር ነባሮቹ ሬዲዮዎች አሁንም በትክክል መነበባቸው በእነዚያ ናሙናዎች ይፈተሻል።