ረጅም የእግር ጉዞ በአውሮፓ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አውሮፓን በእግር ማቋረጥ ዕድሜ ልክ የማይሰለች ደስታ ነው። ብዙ ሰው የሚቀርበት ግን ጉልበት አጥቶ ሳይሆን የሰማው ወሬ አስፈርቶት ነው፤ የወጣውም ቢሆን በዚያው ወሬ ምክንያት በሦስተኛው ቀን እያነከሰ ይመለሳል።

«በአንድ ጊዜ ካልተጨረሰ ዋጋ የለውም።» ኢ1 የሚባለው መንገድ ከኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ከኖርድካፕ ተነስቶ ሲሲሊ ይደርሳል፤ ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለው መንገድ በየዓመቱ የዕረፍት ጊዜ እየተቆረሰ፣ ካቆሙበት እየተቀጠለ የሚሄዱት ነው። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደው የታወቀው መንገድም ከፈረንሳይ ድንበር ሲቆጠር 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የተሳላሚነት ምስክር ወረቀቱን ለማግኘት የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ይበቃል። በዚያ ርቀት በተሳላሚ ደብተሩ ላይ በቀን ሁለት ሁለት ማኅተም ማስመታት እንዳይረሳ።

«በቀን 25 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ።» ዕቅድ የሚያበላሸው በዋናነት ይህ ነው። በተራራ አገር ርቀት ብቻውን ምንም አይነግርም። በኮርሲካ ደሴት የሚያልፈው ጂአር20 180 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግን በተለምዶ ወደ 15 ቀን ይፈጃል፣ በቀን 12 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት። 15 ኪሎ ሜትር በሜዳ 3 ሰዓት ነው፤ 1,200 ሜትር ዳገት ካለበት 5 ሰዓት ይሆናል። ዕረፍት፣ ከባድ ሸክምና ድንጋያማ ቁልቁለት በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። በስዊዘርላንድ የመንገድ ጠቋሚዎች ላይ በኪሎ ሜትር ፈንታ ሰዓት የሚጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሱም ቢሆን ዕረፍትን አይጨምርም።

«ውሃ የማያስገባ ወፍራም ቡት እግርን ያድናል።» በረዶ ላይ ለሚሄድ እውነት ነው። በበጋ ግን እግር ውሃ የሚቋጥረው በሙቀት፣ በእርጥበትና በፍትጊያ ነው፤ እንዲህ ያለው ጫማ ደግሞ ላብ ያፍናል። በረጅም ዝናብ ውሃው ከላይ በቁርጭምጭሚት በኩል ይገባል፣ ከገባ በኋላም ቶሎ አይደርቅም። ቀላልና አየር የሚያስገባ ጫማ ቢረጥብም እየተራመዱበት ይደርቃል። ጫማ የሚለካው ወደ ማታ፣ እግር ሲያብጥ፣ የጉዞውን ካልሲ አድርጎ ነው፤ ከአውራ ጣት ፊት አንድ ጣት ስፋት ይቅር፤ አለዚያ ቁልቁለት ላይ ጣቶች እየተጋጩ ጥፍር ይጠቁራል። የሱፍ ካልሲ ቀን ላይ ይቀየር። ከሁሉ በላይ፣ አንድ ቦታ ማቃጠል ሲጀምር እዚያው ቆሞ፣ ጫማ አውልቆ፣ አድርቆ ፕላስተር መለጠፍ ነው። «እስከ ምሳ ልቻለው» ማለት የነገን ጉዞ ማጣት ነው።

«ድንኳን ካለ የትም ይታደራል።» በኖርዌይ ባልታረሰ መሬት ይቻላል፤ ከመኖሪያ ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ ግን ግዴታ ነው። ስዊድንም ስኮትላንድም ይፈቅዳሉ። በጂአር20 ላይ ግን ድንኳን የሚተከለው ማረፊያ ቤቶቹ አጠገብ ብቻ ነው። በአንዳንድ የፈረንሳይ ብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ የተፈቀደው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የየፓርኩን ደንብ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

«ሰኔ ከገባ አልፕስ ክፍት ነው።» ከፍ ያሉት የተራራ መሻገሪያ በሮች ላይ በረዶ እስከ ሰኔ መጨረሻ ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ የተራራ ማረፊያዎችም የሚከፈቱት በሰኔ አጋማሽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚበዛ በሩን ከቀትር በፊት መሻገር ይገባል።

ለምድጃ የሚሆነውን ጋዝ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር አይቻልም፤ ሲደርሱ ይገዛል። የምድጃው ማያያዣ ለጋዙ መግጠሙን ግን ያረጋግጡ፤ ፈረንሳይ ውስጥ እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ ከሚታሰረው ሌላ ዓይነትም ይሸጣል።

«ስልክ ከሌለ ሰው አይደርስም።» ኔትወርክ ካለ የአደጋ ቁጥሩ 112 ነው። ከሌለ በአልፕስ የታወቀው ምልክት ፉጨት ወይም ባትሪ ነው፦ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ፣ በደቂቃ 6 ጊዜ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ እንደገና መድገም። በደቂቃ 3 ጊዜ የሚመጣ መልስ ምልክቱ ተሰምቷል ማለት ነው።