ጋፕ ይር፦ በጎ ፈቃድና የአሰሳ ጉዞ በአንድ ላይ

ጋፕ ይር የሚባለው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በፊት የሚወሰድ የአንድ ዓመት ፋታ ነው። አንዱ ይሠራበታል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይተኛበታል። እዚህ የምንዳስሰው አንዱን ዓይነት ብቻ ነው፤ ወጣቱ ባህር ማዶ ተሻግሮ የተወሰነውን ጊዜ በበጎ ፈቃድ ሥራ፣ የቀረውን ደግሞ በተራራ፣ በጫካ ወይም በወንዝ ጉዞ የሚያሳልፍበትን። በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው የእንግሊዞቹ ታሪክ ስለሆነ ጽሑፉም ወደዚያው ያደላል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ነገሮች ዛሬ በአንድ ፓኬጅ ይሸጣሉ እንጂ የመጡት ከተለያየ ቤት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በጉዳዩ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ግራ ይገባዋል።

ሁለቱ ምንጮች

አሰሳው ይቀድማል። ጆርጅ መሪ ሌቪክ የእንግሊዝ ባህር ኃይል ሐኪም ነበር። ከካፒቴን ስኮት ጉዞ ጋር አንታርክቲካ ሄዶ፣ በ1912 የዋልታውን የጨለማ ወራት ከአምስት ባልደረቦቹ ጋር በበረዶ ውስጥ በቆፈሩት ዋሻ ነው ያሳለፈው። ይህ ሰው በ1932 ተማሪዎችን ሰብስቦ ወደ ፊንላንድ ወሰደ፤ ዛሬ ብሪቲሽ ኤክስፕሎሪንግ ሶሳይቲ የሚባለው ማኅበርም በዚያው ተጀመረ። ማንንም የመርዳት ሐሳብ አልነበረበትም። ዓላማው ልጆቹ ከምቾት ወጥተው እንዲጠነክሩና ሳይንስም እንዲቀምሱ ነበር።

የበጎ ፈቃዱ ወገን በ1958 ይጀምራል። አሌክ ዲክሰንና ባለቤቱ ሞራ ቪኤስኦ የተባለውን በጎ ፈቃደኞችን ባህር ማዶ የሚልክ ድርጅት ሲመሠርቱ እንግሊዝ ውስጥ የግዴታ ውትድርና ሊቀር ተቃርቦ ነበር። ትምህርት የጨረሰው የ18 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት ለሌላው ቢያገለግልስ የሚል ሐሳብ ነው ያነሱት። የፖርትስማውዝ ጳጳስ ሐሳቡን በሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ በደብዳቤ ገፉበት፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆችም ወደ ጋና፣ ናይጄሪያና ሳራዋክ ተላኩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ድርጅቱ ፊቱን ወደ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃንና ወደ ባለሙያዎች አዞረ። ዲክሰንም በ1962 ወጥቶ ሌላ ድርጅት አቋቋመ። የ18 ዓመት ልጅ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ የተነሳው እንግዲህ ገና ከጅምሩ ነው። በአሜሪካ ፕሬዝዳንት ኬኔዲ በ1961 ያቋቋሙት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ ፒስ ኮርም ቢሆን በአብዛኛው ምሩቃንን ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ዳር ይቆማል።

ልጆቹ ጊዜውን ከየት አመጡት? መልሱ በከፊል የፈተና ካላንደር ነው። ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ ለመግባት የሚፈልጉ ብዙ ተማሪዎች የመግቢያ ፈተናውን የሚወስዱት በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ነበር፤ ትምህርቱ የሚጀመረው ደግሞ በሚቀጥለው ጥቅምት። መሃል ላይ ዘጠኝ ወር ገደማ ባዶ ይቀራል። ይህ ክፍተት የማን ልጆች እንደነበር ስታስቡት፣ ጋፕ ይር የሀብታም ልጅ ነገር ነው የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

በ1967 ስኮትላንድ ውስጥ፣ መቀመጫውን ኮል በምትባል ደሴት ያደረገ ፕሮጀክት ትረስት የተባለ ድርጅት ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹን በጎ ፈቃደኞች የላከው የት መሰላችሁ? ወደ ኢትዮጵያ። ይህ ድርጅት ከአሰሳው ብዙም የለበትም፤ ልጆቹ አንድ ቦታ ረጅም ጊዜ ተቀምጠው የሚያስተምሩበት ነው።

አባይ፣ 1968

ሁለቱን ወገኖች በኋላ ያገናኘው መንገድ በአባይ ሸለቆ ያልፋል። ይህ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ስለሚታለፍ እዚህ ትንሽ ብንቆይበት አይከፋም።

በ1968 ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ መኮንን፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ ወታደሮችንና ሳይንቲስቶችን ይዞ አባይን በጀልባ ለማሰስ መጣ። የመረጡት ክረምቱን ነው። ውሃው ሲሞላ ድንጋዩን ይሸፍነዋል፣ ግን ጉልበቱም ያኔ ነው የሚያስፈራው። ከሸፈርታክ ድልድይ በታች ያለውን በወታደራዊ ጀልባ፣ ላይኛውን ጠባብና ፏፏቴ የበዛበትን ደግሞ በአየር በሚነፋ የጎማ ጀልባ ወረዱ። አባይም እንደ ልማዱ ዋጋ አስከፈለ። አንድ የቡድኑ አባል ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ሞተ። ሽፍቶችም ተኩስ ከፈቱባቸው።

የዘመናዊው የጎማ ጀልባ ስፖርት የተወለደው እዚያ ነው የሚሉ አሉ። አሜሪካኖች በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ቀደም ብለው በጎማ ጀልባ ቱሪስት ያመላልሱ ስለነበር ይህ ትንሽ ሳይጋነን አይቀርም። ያም ሆኖ እንደ አባይ ያለ ወንዝን በዚያ መልክ የደፈረ ትልቅ ጉዞ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከዚያ መልስ፣ በ1969 ብላሽፎርድ ስኔልና ባልደረቦቹ ሳይንቲፊክ ኤክስፕሎሬሽን ሶሳይቲን መሠረቱ። ቀጥሎ በ1972 ፓናማና ኮሎምቢያ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ በመኪና ማቋረጥ መጣ፤ ከ1974 እስከ 75 ደግሞ የዛየር ወንዝ (የዛሬው ኮንጎ) ጉዞ። በዛየሩ ጉዞ ሐኪሞች አብረው ሄደው በጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውን፣ ዓይን የሚያጠፋውን የወንዝ ዳር በሽታ አጥንተዋል። አሰሳው ለሰው ወደሚጠቅም ሥራ መጠጋት የጀመረው በዚህ በዚህ ነው።

ድሬክና ራሌይ

ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ኦፕሬሽን ድሬክ የተባለ የወጣቶች የመርከብ ጉዞ ከ1978 እስከ 1980 ተካሄደ። መርከቧ አይ ኦፍ ዘ ዊንድ ትባላለች፤ ባለ ሸራ ናት። እንግሊዛዊው መርከበኛ ፍራንሲስ ድሬክ ከ400 ዓመት በፊት ዓለምን የዞረበትን ጉዞ ለማሰብ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የበላይ ጠባቂው ያኔ ልዑል የነበሩት ቻርልስ ነበሩ። ከተለያዩ አገሮች የተመረጡ 400 ገደማ ወጣቶች ተራ በተራ ተሳፈሩ። በፓናማ፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በሱላዌሲና በኬንያ እየወረዱ ሠርተዋል። ጫካ ውስጥ በዛፎች አናት መካከል የተንጠለጠለ መተላለፊያ ሠርተው ሳይንቲስቶች ከላይ ሆነው እንዲያጠኑ አድርገዋል፤ ይህ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በ1984 ኦፕሬሽን ራሌይ መጣ። ሐሳቡ አራት ዓመት፣ 4,000 ወጣት፣ ከዚያ በቃ ነበር። በቃ አልሆነም። አመልካቹ ስለበዛ ከ1988 በኋላም ቀጠለ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ራሌይ ኢንተርናሽናል የሚል ስም ያዘ። ዛሬ ማንኛውም የጉዞ ድርጅት የሚሸጠው ቅይጥ ጉዞ ሙሉ ቅርጹን ያገኘው በራሌይ ነው ብሎ መናገር ይቻላል፤ ይህን የሚከራከር ካለ ሌላ ያሳይ።

የራሌይ ቅርጽ ይህን ይመስል ነበር። ዕድሜ ከ17 እስከ 24። ጊዜው ዐሥር ሳምንት፣ ለሦስት የተከፈለ፦ አንዱ ከመንደር ሰው ጋር የሚሠራ ግንባታ ወይም የውሃ ሥራ፣ ሁለተኛው የተፈጥሮ ጥበቃ፣ ሦስተኛው ድንኳንና ስንቅ ተሸክሞ የሚኬድ ረጅም የእግር ጉዞ። በየምዕራፉ ቡድኑ ይበተንና እንደገና ይዋቀራል፤ ከለመዱት ጓደኛ ጋር ተለጥፎ መጨረስ የለም። መሪዎቹም ራሳቸው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፣ ዕድሜያቸው ግን ከ25 በላይ። ወጪውን ወጣቱ ራሱ ይለምናል፣ ይሸጣል፣ ይሮጣል፣ ብቻ እንደምንም ያመጣ ነበር። ገንዘብ ማሰባሰቡ የጉዞው ግማሽ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ከተሳታፊዎቹ ታዋቂው ልዑል ዊሊያም ነው። በ2000 ቺሊ ውስጥ ቶርቴል በምትባል ሩቅ መንደር የእንጨት መተላለፊያ ሠራ፣ እንግሊዝኛ አስተማረ። ሽንት ቤት ሲያጥብ የተነሳው ፎቶ ዓለምን ዞረ፤ ለድርጅቱ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ አልነበረም። በኋላ ሚስቱ የሆነችው ኬት ሚድልተንም በወራት ልዩነት እዚያው ቺሊ ከራሌይ ጋር ነበረች። በኋላ ወደ ጠፈር የሄደው ቲም ፒክ ደግሞ በ1991 ከዚሁ ድርጅት ጋር አላስካ ሄዷል።

ጭቅጭቁ

ትችቱ በአመዛኙ የሚያርፈው በበጎ ፈቃዱ ግማሽ ላይ ነው። ሲሚንቶ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ትምህርት ቤት ይገነባል ማለት፣ የአካባቢው ግንበኛ ሊያገኝ የሚችለውን የቀን ሥራ መውሰድ ሊሆን ይችላል። ደጋፊዎች ደግሞ ሥራውን የሚመራው የአገሬው ባለሙያ ነው፣ ልጁ ጉልበትና ገንዘብ ነው የሚያመጣው ይላሉ። ሁለቱም እውነት የሚሆኑበት ቦታ አለ፤ በድርጅቱና በመንደሩ ይለያያል።

በሕፃናት ማሳደጊያ ጉዳይ ግን መሃል ቤት መቆም አይቻልም። ካምቦዲያ ውስጥ የተደረገ ጥናት በማሳደጊያዎቹ ካሉት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው አሳይቷል። ፈረንጅ እየከፈለ ሊጎበኝ ሲመጣ ልጅን ከቤተሰብ ነጥሎ ማምጣት ንግድ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 መጨረሻ ባሳለፈው ውሳኔ ይህን ዓይነቱን በጎ ፈቃድና ቱሪዝም በስም ጠቅሶ ነቅፏል። ትክክል ነው።

የአሰሳው ግማሽ ችግር ሌላ ነው፤ እዚያ ሰው ይሞታል። በ2011 ሌቪክ የመሠረተው ማኅበር ስቫልባርድ በተባሉት የኖርዌይ የዋልታ ደሴቶች ላይ ባዘጋጀው ጉዞ የዋልታ ድብ የወጣቶቹ ድንኳን ሰፈር ውስጥ ገብቶ የ17 ዓመት ልጅ ገደለ። ከዚያ በፊት በ2007 እንግሊዞች ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ የደኅንነት መለኪያ አውጥተው ነበር፤ ቁጥሩ ቢኤስ 8848፣ የኤቨረስት ከፍታ በሜትር። ቁጥሩን ማን እንደመረጠው እንጃ፣ ቀልድ አዋቂ ነው።

ገንዘቡ

የእንግሊዝ መንግሥት ከ2011 ጀምሮ አይሲኤስ በሚባል ፕሮግራም ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች አብዛኛውን ወጪ ይሸፍን ነበር። ራሌይም ከአስፈጻሚዎቹ አንዱ ነበር። ጥሩ ጎኑ እንግሊዛዊውን ከአገሬው ወጣት ጋር ጥንድ አድርጎ ማሠራቱ ነው፤ በእኔ ግምት ከዚህ መስክ የወጣ ምርጡ ሐሳብ ይኸው ነው። ኮቪድ ጉዞውን ሁሉ ሲያቆም፣ አይሲኤስም ሲያበቃ፣ ራሌይ ኢንተርናሽናል በ2022 ተዘጋ። ስሙን ሌላ የጉዞ ድርጅት ገዝቶ ራሌይ ኤክስፔዲሽንስ ብሎ ቀጥሎበታል።

በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከ2009 ጀምሮ አዲስ ተማሪዎችን ዘጠኝ ወር ባህር ማዶ ለአገልግሎት ይልካል፣ ወጪውንም ራሱ ይሸፍናል። የአሰሳው ነገር የለበትም፤ የሚልከውም በጣም ጥቂት ተማሪ ነው።